ወህኒውና መናፈሻው

ሰዎች የተሠቃዩበት ሥፍራ ሰዎች የሚዝናኑበት መናፈሻ ቢሆን፣ ይህ ለተበደሉት ካሣ ነውን ወይስ ሁለተኛ በደል? ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በሞምባሳ ወደብ መግቢያ ላይ ከሚገኘው የጥንት ምሽግ በር ፊት፣ የመግቢያ ቲኬት ለመቁረጥ ተሰልፌ ሳለሁ፣ አብረውኝ የመጡት አጎቴ «እኔ አልገባም» ባሉኝ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከናይሮቢ የተነሣነው ሦስት ሆነን ነበር፤ እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጄና የእናቴ ታናሽ ወንድም። አጎቴ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ይቀራቸዋል። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ታስረው ከተፈቱ በኋላ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገቡ፤ እነሆ እስከ ዛሬም ናይሮቢ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ኬንያ ሲኖሩ ሞምባሳን አላዩም ነበር። ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ዓመት» ይላሉ። በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር መንገዱን ካሳጠረው ወዲህ ግን ምክንያት አጡ። በመንገዳችን ቮይን ስናልፍ በመስኮቱ ወደ ምዕራብ እያመለከቱ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ኬንያ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ከኢሲዮሎ ተነሥተው የሰፈሩበት የታቬታ ካምፕ በዚያ በኩል እንደነበረ ለልጄ ነገሯት። «እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም» አሏት። እርስዋ ዝሆን ትፈልግ ስለነበር ብዙም አላዳመጠችም።

ባቡሩ ውስጥ ስለ ምሽጉ ያነበብሁትን ጮክ ብዬ ተርጉሜላቸው ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ይቻላል። ከቲኬት መስኮቱ ፊት ቦርሳዬን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ለእኔ አትቁረጪ።»

«ደከመዎት እንዴ ጋሼ? ውስጡ መቀመጫ አለ ይላሉ።»

«አልደከመኝም። ወህኒ ቤት ለመግባት ገንዘብ ከፍዬ አላውቅም። ያኔ በነፃ ነበር ያስገቡኝ።»

ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ግን አልገቡም። ከበሩ ውጭ ካለው ሣር አጠገብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባሕሩን መመልከት ጀመሩ። እኔና ልጄ ገባን።

የምሽጉ ስም ራሱ ተርጓሚን ያስቸግራል። ፖርቱጋሎች «የኢየሱስ ምሽግ» ብለው ሰየሙት፤ በስዋሂሊም «ንጎሜ ያ ዬሱ» ይባላል። ጠላትን መውደድ ያስተማረውን ስም መድፍ በተጠመደበት ግንብ ላይ መለጠፍ በአማርኛ ሲነገር ጆሮን ይቆረቁራል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁላችንም ሳይቆረቁረን ስንጠራው እንኖራለን። የባዕድ ቋንቋ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ የማንቀበለውን ነገር ሳንሰማው እንድንናገረው ያስችለናል።

ሥራው የተጀመረው በ1593፣ የተጠናቀቀው በ1596 ነው። ፖርቱጋልን ከስፔን ጋር ይገዛ የነበረው ንጉሥ ፊሊጶስ አዘዘ፤ የሚላኑ ተወላጅ ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነደፈው። ከኮራል ድንጋይ ተገንብቶ፣ ከላይ ሲታይ የተጋደመ ሰው ቅርጽ አለው፤ ራሱ ወደ ባሕሩ ነው። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ተነሣባቸው። ይህ ሰው በልጅነቱ ጎዋ ተወስዶ የተማረ፣ ተጠምቆም ዶን ዤሮኒሞ የተባለ ነበር፤ የምሽጉን አዛዥ ገድሎ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ተመለሰ፣ አብረውት ያልተመለሱትንም ፈጀ። ፖርቱጋሎቹ በዓመቱ ተመለሱ። ከ1696 እስከ 1698 ደግሞ የኦማን ሠራዊት ለ33 ወር ያህል ከበባቸው፤ ከመድፉ ይልቅ በሽታውና ረሃቡ ጨረሳቸውና በመጨረሻ ግንቡን ይጠብቁ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዐረቦች እጅ ቆየ። በ1895 እንግሊዞች ወህኒ ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958፣ ለ63 ዓመት፣ ወህኒ ቤት ሆኖ ኖረ። ከዚያ ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የጨለመ ሥፍራ ይመስላል። ውስጡ ግን እንዲያ አይደለም። ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፣ ከግንቡ ጫፍ ላይ ጀልባዎች ሲያልፉ ይታያሉ። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሕፃናት መጥተው በመድፎቹ ላይ እየተፈናጠጡ ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። ነጭ የለበሰች ሙሽራ ቀሚስዋን በሁለት እጅዋ ሰብስባ ደረጃውን ስትወጣ ልጄ ተከተለቻት። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያቆየኝ ፖርቱጋሎቹ ወታደሮች ግድግዳ ላይ የሣሉት ሥዕል ነው። ከሰል በመሰለ ጥቁርና በቀይ አፈር መርከብ፣ ዓሣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሥለዋል። አሳሣላቸው የሠዓሊ አይደለም፤ የሚሠራው ያጣ፣ ቤቱ የናፈቀው ሰው ሥዕል ነው። ሌላውን ሊያስሩ ወይም ሊገድሉ የመጡት ሰዎችም በግንቡ ውስጥ የታሰሩ ያህል ነበሩ። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ከውጭ የተቀመጡት ሰው ትዝ አሉኝ፤ ደስታዬም እንደ መንተክተክ ብሎ ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ናይሮቢ ለምንኖር ሁሉ የስዋሂሊው «ገሬዛ» የታወቀ ነው፤ ወህኒ ቤት ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ምንጩ የፖርቱጋሎቹ «ኢግሬዣ» እንደሆነ ይናገራሉ። ኢግሬዣ ማለት ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። በምሽጉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ስሙ ለግንቡ ተረፈ፤ ግንቡ ወህኒ ሲሆን ስሙም አብሮ ታሰረ። አንድ ቃል ከጸሎት ቤት ተነሥቶ ወደ እስር ቤት ሲሄድ የሚያልፍበት መንገድ ከዚህ ይበልጥ አጭር ሊሆን አይችልም።

በስዋሂሊው ከመገረማችን በፊት ግን የራሳችንን እንይ። «ወህኒ» የምንለው ቃል ከየት መጣ? በበጌምድር የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ስም ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን ለዙፋን የሚሰጉ የነጋሢ ልጆች በዚያ አምባ ላይ ይታሰሩ ጀመር፤ ከዚያ በፊት የግሸን አምባ ለዚሁ ጉዳይ ያገለግል ነበር። የአምባው ስም ወርዶ ወርዶ የእያንዳንዱ ከተማ እስር ቤት ስም ሆነ። ዛሬ በኪስ ሌብነት የተያዘ ልጅ «ወህኒ ወረደ» ሲባል፣ ሳናውቀው የነጋሢ ልጅ ማዕርግ እንሰጠዋለን። «ከርቸሌ»ም ቢሆን የጣሊያንኛ ነው። እንግዲህ በአማርኛችን ውስጥ እስር ቤትን የምንጠራባቸው ቃላት አንዱ ከቤተ መንግሥት ሌላው ከወራሪ የመጡ ናቸው።

የዘመኑን መገጣጠም ደግሞ ተመልከቱ። ዩሱፍ ቢን ሐሰን በሞምባሳ በተነሣ በዓመቱ፣ በ1632፣ ዐፄ ሱስንዮስ በካቶሊክ ሃይማኖት ምክንያት አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ዬሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። አንዱ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ፣ ሌላው በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ የማይተዋወቁ ሁለት ገዦች ከአንድ የባሕር ኃይል ጋር በተመሳሳይ ዘመን ተጣሉ። ይባስ ብሎ፣ በኖራ የተያያዘውን ግንብ የማነጽ ጥበብ ወደ ጎንደር ያስገቡት በሱስንዮስ ዘመን ከዬሱሳውያኑ ጋር የመጡ ሰዎች ስለመሆናቸው ብዙ ተመራማሪዎች ይጽፋሉ። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ኖራው ቀረ። በደል ከሠሩብን ሰዎች የተረፈንን መልካም ነገር እንዴት እንደምንይዘው ጎንደር የኖረ ሰው ሊያስተምረን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ይህን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ጎንደርን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቀምጣለች። የፋሲል ግቢ ወደ 900 ሜትር በሚጠጋ አጥር የተከበበ፣ 12 በሮች ያሉት ነው፤ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጣሊያኖች ለቢሮ ሲጠቀሙበት ኖረው በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የደበደቡት ጊዜ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያውን አጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጎንደርን ነፃ ካወጡት መካከል ከኬንያ የዘመቱ ወታደሮች እንደነበሩ ናይሮቢ መጥቼ እስክኖር ድረስ አላውቅም ነበር፤ መቃብራቸው ያልታወቀ የዚያ ዘመቻ ሙታን ስም ዛሬ በንጎንግ መንገድ በሚገኘው የጦርነት መካነ መቃብር መታሰቢያ ላይ ተጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአጠገቡ የምናልፍ አበሾች ብዙ ነን።

ያን ጊዜ በፋሲል ግቢ ሣር ላይ ዳቦ በልተናል፣ ቀልደናል። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ በጥምቀት የሚሞላውን መዋኛም አይተን ተመልሰናል። ስለ ወህኒ አምባ አንድም ሰው አላነሣልንም። የግቢውን ሰገነትና የአምባውን ገደል ያሠራው አንድ እጅ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዳቦው አይጣፍጠኝም ነበር ወይ? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን እጠራጠራለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ።

አንድ እንግሊዛዊ ግን የአበሻን ንጉሣዊ እስር ቤት መናፈሻ አድርጎ አይቶታል። ሳሙኤል ጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 ያሳተመው የዬሱሳዊው ዤሮኒሞ ሎቦ ወደ ኢትዮጵያ ያደረገው ጉዞ ትርጉም ነው። ሎቦ በ1624 ከእኛው የኬንያ ጠረፍ፣ ከፓቴ በኩል ተነሥቶ በየብስ ኢትዮጵያ ሊገባ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው። ጆንሰን ከሃያ አራት ዓመት በኋላ «ራሴላስ»ን ጻፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የነጋሢው ልጅ የሚታሰረው በገደል ላይ አይደለም፤ ምንጭና ጫካ፣ ዘፈንና ድግስ በሞላበት ሸለቆ ነው። ምንም አይጎድለውም፤ መውጣት ብቻ አይችልም። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታልና ያላነበበ ሊያነበው ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ የደረሰበት ነገር ነው፤ መናፈሻና ወህኒ የሚለያዩት በሣሩ ሳይሆን በበሩ ነው። «መናፈሻ» የሚለው ቃላችን «ነፋስ» እና «ነፍስ» ከሚወጡበት ሥር የወጣ ነው፤ ነፍስ አየር የምትቀበልበት ቦታ። በሩ ከውጭ ከተቈለፈ ግን የነፈሰው ነፋስ ሁሉ ለሌላ ሰው ነው።

ከምሽጉ ስንወጣ አጎቴ ከአንዲት ሻጭ ጥብስ ካሳቫ ገዝተው በርበሬና ሎሚ አስነስንሰው ይበሉ ነበር። ለልጄ አካፈልዋት። እኔ ግን በልቤ የያዝሁትን ክርክር ይዤ ቀረብሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓለም በቃኝ ፈረሰ ሲባል ምን ተሰማዎት?»

የጠየቅሁበትን ምክንያት አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። አጎቴ የታሰሩበት የአዲስ አበባው ወህኒ ቤት፣ ሕዝብ ዓለም በቃኝ ያለው፣ ዛሬ የለም። በጣሊያን ዘመን የታጐሩበት፣ ኅዳር 1974 ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ሰዎች በግቢው የተረሸኑበት፣ በኋላም በቀይ ሽብር ስንቱ ያለፈበት ነው። ፈርሶ በቦታው ላይ ጥር 2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ የመስተዋት ፎቅ ተሠርቶበታል። በዚያው ዓመት ለሰብአዊ መብት ጥሰት ሰለባዎች መታሰቢያ የሚሆን የመሠረት ድንጋይ በግቢው ተጥሏል።

«ሄጄ አይቼዋለሁ» አሉ። «ለወንድሜ ልጅ ሠርግ የሄድሁ ጊዜ። ታክሲው መንገዱን ሳት ሲል በዚያ በኩል አለፍን። ፈርሶ ባየው ደስ ይለኛል ብዬ ኖሬያለሁ። ቆሜ ሳይ የቱ ጋ እንደነበርሁ እንኳ መለየት አቃተኝ። ሰው መቃብሩን እንደ ተሰረቀ ሆንሁ።»

«ታዲያ ያኛው በመፍረሱ ከተከፉ፣ ይኸኛው በመቆየቱ ለምን አይገቡም?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ብዙ ቆዩ። ከልጄ እጅ ላይ የወደቀውን ካሳቫ አንሥተው ለቁራው ወረወሩለት።

«ቦታው አይደለም ያስቀየመኝ። ድንጋይ ምን አደረገ? ግን እዚያ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ጎብኚ ነው። ጎብኚ ማለት በሩ የማይዘጋበት ሰው ነው። እኔ ጎብኚ ሆኜ መግባት አልችልበትም። አንቺ ትችያለሽ፣ እርስዋም ትችላለች። ግቡ እንጂ፤ እኔ መቼ አትግቡ አልሁ?»

ይህ መልስ ክርክሬን አፈረሰብኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ለሌላ ነበር። በደል በተፈጸመበት ላይ መሣቅ ነውር ነው የሚሉኝ መስሎኝ፣ ሣቅ ራሱ የድል ምልክት ነው ብዬ ልከራከራቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሣቁን አልከለከሉም። ራሳቸውን ብቻ አገለሉ።

አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎችን ብቻ ያውቃል። ያልወጋም ያልተወጋም ሦስተኛ ሰው አለ፤ ከሁለቱ በኋላ የተወለደው። ልጄ እንዲህ ናት። የፖርቱጋሎቹ ዘር አይደለችም፣ የእንግሊዞቹ እስረኛ የልጅ ልጅም አይደለችም፤ ዓለም በቃኝ ሲፈርስም አልተወለደችም። በዚህ ሰው ላይ ትዝታን ግዴታ ማድረግ ይቻላልን? ያላየውን አስታውስ ማለት ምን ማለት ነው? አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ በእኛ አገር፣ ግዴታውን እንደ ደም ዕዳ ያወርሱታል፤ ያልተወጋውን ቁስል ያስታቅፉታል፤ እርሱም ቁስሉ የራሱ እየመሰለው ሌላውን ለመውጋት ይነሣል። የዚህን ፍሬ በየጊዜው አይተናል። ሌሎች ደግሞ ያለፈው አለፈ ብለው ፎቅ ይሠሩበታል። ሁለቱም የሦስተኛውን ሰው ቦታ አላወቁለትም ባይ ነኝ።

እኔ በሥራዬ የማውቀው ሦስተኛ ሰው ተርጓሚ ነው። ተርጓሚ «እኔ» ይላል፤ ያ «እኔ» ግን የእርሱ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከለላ ለሚጠይቁ የአገሬ ሰዎች አስተርጉሜያለሁ። «ደበደቡኝ» ብዬ በእንግሊዝኛ ተናግሬያለሁ፤ ማንም አልደበደበኝም። ቃሉን ካለዘብሁት ባለጉዳዩን እበድለዋለሁ፤ እንደ ራሴ ቁስል አልቅሼ ከተናገርሁትም እሰርቀዋለሁ። የተሠቃዩበትን ሥፍራ የሚጎበኝ ሰው ከዚህ የተለየ ዕጣ ያለው አይመስለኝም። ሊደሰት ይችላል፤ ተርጓሚም ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ይደሰታል፣ ታሪኩ የቱንም ያህል መራራ ቢሆን። ብቻ የሚናገረው ቃል የማን እንደሆነ እንዳይረሳ።

ይህን ስል ለራሴ አድልቼ እንደሆነ አላጣሁትም። ምክንያቱ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። እርሳቸውስ ከማን ተማሩ? ከአንድ አብሮአቸው ከታሰረ መምህር። በዚያ ዘመን እስረኞች በየክፍሉ ትምህርት ቤት አቋቁመው እርስ በርስ ይማማሩ እንደነበር የታወቀ ነው። አጎቴ ሲገቡ ጥቂት ቃላት የሚያውቁ ወጣት ነበሩ፤ ሲወጡ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። ናይሮቢ ስመጣ ያን እንግሊዝኛ በየማታው በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰጡኝ። የዛሬ እንጀራዬ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያ የባቡር ቲኬት ጭምር፣ ሥራቸው ዓለም በቃኝ ውስጥ ነው። እኔ ራሴ ወህኒ ላይ የበቀልሁ መናፈሻ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ያ ወህኒ ባይኖር ይሻል ነበር ስል ምን ማለቴ ነው? ማለቴ ነው፤ ያለ አንዳች ማመንታት። ነገር ግን ስለው ከእግሬ ሥር መሬት ሲነቃነቅ ይሰማኛል።

ብቻዬን አይደለሁም። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጐመው በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው። በዚሁ በከተማችን ዳር በሚገኘው በካሚቲ ወህኒ ቤት ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1978 በኪኩዩኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጻፈ። እነዚህን መጻሕፍት በደስታ ያነበብን ሁሉ ከወህኒው ፍሬ በልተናል። ወህኒውን ግን ማንም አያመሰግነውም፤ ማመስገንም አይገባም። ፍሬው የወህኒው አይደለምና። የተከለከለ ወረቀት ላይ የጻፈው እጅ ነው ያፈራው።

ናይሮቢ የሚኖር አንባቢ ይህን ሁሉ ለመረዳት ሞምባሳ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከኡሁሩ መንገድ ማዶ፣ ከኡሁሩ መናፈሻ ፊት ለፊት፣ ኛዮ ሐውስ ቆሟል። አብዛኞቻችን የምናውቀው በኢሚግሬሽን ቢሮው ነው፤ ፎርም ይዘን፣ ፎቶግራፍ ይዘን፣ ስማችን እስኪጠራ ያልቆምን ጥቂት ነን። በ1980ዎቹ በዚያ ሕንፃ ምድር ቤት የፖለቲካ እስረኞች በጨለማ፣ አንዳንዴም ውኃ በተለቀቀባቸው ክፍሎች ውስጥ እየተሠቃዩ ይመረመሩ ነበር። ክፍሎቹ በ2003 ለሕዝብ ተከፍተው ታዩ፤ ከተጐዱትም ብዙዎች ፍርድ ቤት ካሣ ወስኖላቸዋል። ሕንፃው ግን ሥራውን ቀጥሏል። እኛም ሰው አገር የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ስንል በዚያ ጣሪያ ላይ ቆመን እንጠብቃለን።

ማዶ ያለው መናፈሻ በ1969 የተከፈተ ነው። በ1989 ገዥው ፓርቲ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊያቆምበት ሲነሣ ዋንጋሪ ማታይ ተሟገተች፤ ተሰደበች፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻችን ይፈቱ ብለው በዚያው መናፈሻ ጥግ ምግብ አንበላም ብለው ተቀመጡ፤ ፖሊስ ደበደባቸው፤ ጥጉ እስከ ዛሬ የነፃነት ጥግ ይባላል። እሑድ እሑድ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ሣር እንዲህ ያለ ሣር ነው። እነዚያ እናቶች ሣሩ ላይ የተቀመጡት ለመናፈስ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ግን በነፃነት እንዲናፈሱበት ነበር። ከዚህ የበለጠ መልስ ለጥያቄዬ አላገኘሁም፤ ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይደለም። የተበደለው ራሱ «ልጆቼ እዚህ ይጫወቱ» ካለ ማንም ሊከለክል አይችልም። ሳይል የሞተውስ? ስሙ በማንም መዝገብ ያልቀረው የገሬዛው እስረኛስ? ስለ እርሱ ሆኖ ፈቃድ የሚሰጥ የለም፤ ስለ እርሱ ሆኖ የሚከለክልም የለም። እርሱን በተመለከተ ልናደርገው የምንችለው፣ ቢያንስ እዚያ እንደነበረ በሚገባን ቋንቋ መናገር ነው። የሞምባሳው ምሽግ ስለ ፖርቱጋሎቹና ስለ ኦማኖቹ ብዙ ይነግረናል፤ የመርከቦቻቸውን ስም ሳይቀር። ስለ 63 ዓመቱ እስረኞች ግን በዚያ ቀን ያስጐበኘን ወጣት የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ቆጥሬአለሁ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ለመሄድ ተነሣን። አጎቴ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ሱሪያቸውን አራገፉ። ጥቂት እርምጃ ከሄድን በኋላ ቆም ብለው ወደ ግንቡ ዞሩና ልጄን ጠየቋት።

«ከውስጥ ሆነሽ ባሕሩ ይታያል?»

«አዎ አባባ፣ በጣም ይታያል። ከላይ ሲሆኑ።»

«ከክፍሎቹስ? እስረኞቹ ከነበሩበት?»

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ መዝጋት ጀምሮ ስለነበር ተመልሶ መግባት አልተቻለም።